ሲጋራ ሳቆም ድዴ መድማት ጀመረ

ይህን የምጽፈው ሲጋራ ካቆመ በኋላ ጥርሱን ሲፍቅ ደም አይቶ ለሚደነግጥ ሰው ነው። «ሳጨስ ደህና ነበርሁ፤ ሳቆም ነው የታመምሁት» ብሎ ወደ ሲጋራው የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እኔም ለመመለስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። እሱን ለማስረዳት ግን ከጫቱና ከቀኝ ጉንጬ መነሣት አለብኝ።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ፍኖተ ሰላም ነው የምሠራው። ስፌት ወቅት አለው። መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጥር ላይ ሠርግ፣ ከዚያ ፋሲካ። በነዚህ ሰሞን ሌሊቱም ቀን ነው። እንቅልፍ የሚያባርረው ነገር ደግሞ ከባሕር ዳር በኩል በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሲመሽ አንድ እስር ጫት፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ በፔርሙዝ፣ ጥቂት ለውዝ፣ ሲጋራ በፍሬ። ሊነጋጋ ሲል ምርቃናውን ለመስበር አረቄ። ጨብሲ የሚሉት እሱን ነው። ስንቱ ሹፌር፣ ስንቱ የሌሊት ዘበኛ፣ ለፈተና የሚያጠና ስንቱ ተማሪ እንዲህ እንደሚያነጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አፋችን ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን አናወራም። አንዱ ምክንያት እፍረት ነው። አገራችን ጫቱን ያበቅላል፣ ይሸጣል፣ ይጭናል፤ ቃሚውን ግን አይወድም። ስለዚህ የሚቃመው መጋረጃ ተጋርዶ ነው። ቃሚዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ጨርሶ ትንፍሽ አትልም። ንስሐ አባት ፊት የተደበቀ ነገር ሐኪም ፊትም ይደበቃል። ጉዳቱ የሚብሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እኔ ወደ ሐኪም የሄድሁት ለጉንጬ ብዬ አይደለም። የቀኝ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተሰብሮ ነው። መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ገብቼ አስነቀልሁት። የነቀለኝ ሰው እጁ ጥሩ ነበር። ታጨሳለህ ወይ ብሎ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ጥጡን ነክሼ ወጣሁ። ማታ ሲጋራዬን ለኮስሁ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ይወጋኝ ጀመር። የአፌ ሽታም ተለወጠ። ማስታገሻ ብውጥ አልሰማኝም።

ኋላ እንደተረዳሁት ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል። ደሙ ይረጋና አጥንቱን ይሸፍነዋል። ያ የረጋ ደም የቁስሉ ክዳን ነው። ሲጋራ ስንስብ መሳቡ ራሱ ክዳኑን ሊያነሣው ይችላል። ኒኮቲን ደግሞ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ አዲስ ደም ወደ ቁስሉ በደንብ አይደርስም። ክዳኑ ሲጠፋ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ሕመሙም ያን ዓይነት ነው። ስለዚህ ጥርስ የምታስነቅሉ አጫሾች፣ ባትጠየቁም ራሳችሁ ተናገሩ። ከነቀላው በኋላ ቢያንስ 72 ሰዓት፣ ቢቻላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ሲጋራ አፋችሁ አይግባ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በአረቄ መጉመጥመጥና አስፕሪን አድቅቆ ድድ ላይ ማድረግም ይቅር። አስፕሪን የነካውን ሥጋ ያቃጥላል፤ በአንድ ሕመም ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል።

ሕመሙ አልሻል ሲለኝ በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርገን ከባለቤቴ ጋር ባሕር ዳር ገባን። የጥርስ ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ጫት ይቅማሉ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ አልቅምም!» አልሁ።

አፌን አስከፍታ በትንሿ መስታወት ወዲህ ወዲያ አየች። «እርስዎ ባይቅሙም ቀኝ ጉንጭዎ ይቅማል» አለች። ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ የእጅ መስታወት አስያዘችኝና ሁለቱን ጉንጮቼን ተራ በተራ ገልጣ አሳየችኝ። ግራው ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ቀኙ ነጣ ብሎ፣ ወፍሮ፣ ተጨማዷል። ብዙ ሰዓት ውኃ ውስጥ የቆየ የጣት ቆዳ ይመስላል። ከጥርሶቼ ጎን ያለው ድድም በቀኝ በኩል ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ይታያል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት ቀን እንኳ አላመመኝም። ማቃጠል የለ፣ ማሳከክ የለ።

በጎዝ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። አልለቀቀም። ነጩ ነገር ቢለቅ ኖሮ ፈንገስ ሊሆን ይችል ነበር አለችኝ፤ እሱም የራሱ ምርመራና መድኃኒት አለው። የማይለቅ ነጭ ሲሆንና ሌላ ምክንያት ሲታጣለት ሉኮፕላኪያ ይባላል። ሉኮፕላኪያ ካንሰር አይደለም። አብዛኛውም ካንሰር አይሆንም። ጥቂቱ ግን ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን ደግሞ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

ለምን በቀኝ ብቻ? ማንኛውም ቃሚ ጎን አለው። ቅጠሉን አላምጠን አንድ ጉንጭ ውስጥ እንከዝነዋለን፤ ለሰዓታት እዚያው ነው። ቅጠሉ ሥጋውን ይፈትገዋል። ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ነገርም አለበት። ሲፈተግ የሚውል የአፍ ቆዳ ራሱን ለመከላከል ይወፍራል፤ ሲወፍር ይነጣል። ሱረት፣ ማለት የትምባሆ ዱቄት፣ በታችኛው ከንፈራቸው ሥር የሚይዙ አንድ ዘመድ አሉኝ። የሳቸው ደግሞ ልክ እዚያው ከንፈራቸው ሥር ነው የነጣው። ስለዚህ አፋችሁን ስታዩ ልማዳችሁ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «እኔ ጎን መቀያየር እጀምራለሁ» አለኝ። ለሐኪሟ ነገርኋት። «ያን ጊዜ ሁለቱም ይነጣሉ» አለች።

ሌላው የጫት ጣጣ ድርቀቱ ነው። ምራቅ ጥርስን ያጥባል፣ አሲድን ያለዝባል፣ ድድን ያረጥባል። ጫት ሲቃም ምራቅ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ በደረቀ አፍ ላይ ስኳር የበዛ ሻይና ለስላሳ እናፈስበታለን፤ ሌሊቱን ሙሉ። ድዱ ሸሽቶ የተገለጠው የጥርስ ሥር እንደ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን የለውም። ቶሎ ይቦረቦራል። የኔ መንጋጋ የተሰበረውም እንዲህ ተቦርቡሮ ነው። ገበሬው የሚረጨው የተባይ መድኃኒትም አለ። ያልታጠበ ቅጠል አፍ ውስጥ ለሰዓታት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለራሳችሁ ልተወው።

«ጫት ካንሰር ያመጣል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። የመለሰችልኝን ወደድሁት፤ አላጋነነችም። ጫት አፍን እንደሚያነጣ፣ እንደሚያደርቅ፣ ድድን እንደሚጎዳ ይታያል። ካንሰር ላይ ግን ማስረጃው እንደ ትምባሆ የጠራ አይደለም፤ ብዙው ቃሚ አጫሽም ስለሆነ ሁለቱን ለያይቶ መመዘን ያስቸግራል። የትምባሆው ጉዳይ ግን ያለቀለት ነው። በጭሱ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ከነዚህ ቢያንስ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ሺሻም ያው ትምባሆ ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያነጻውም። የከፋው ደግሞ ትምባሆና አልኮል ሲገናኙ ነው። የሁለቱ ጉዳት ይደመራል ብላችሁ አታስቡ፤ ይባዛል። ሲጋራ፣ ከዚያ ጨብሲ። የኔ የየሌሊቱ ቅደም ተከተል እሱ አልነበር?

ከነጣው ጉንጬ ለምርመራ ናሙና ሊወሰድ ነው ሲባል ፈራሁ። እኛ ዘንድ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚል ወሬ አለ። በዚህ ወሬ ምክንያት ቁስላቸውን ይዘው የሚቀመጡ አሉ። ልክ አይደለም፤ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያሰራጭም። መርፌ ወግታ አደነዘዘችኝ፣ ትንሽ ቁራጭ ቆረጠች፣ ሰፋችው። በመስታወት አየሁት። ስፌቷ ከኔ ይበልጥ እኩል ነው። ለጥቂት ቀን ከመቆጥቆጥ በቀር ምንም አልሆንሁም። ውጤቱን መጠበቁ ነው ከሁሉ የከፋው። ሲመጣ ካንሰር አልነበረም። ቆዳው ወፍሯል፤ ከሥሩ ያሉት ሴሎችም ትንሽ መለወጥ ጀምረዋል። «ልማዱ ከቆመ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ክትትሉ ግን አይቋረጥም» አለችኝ።

ስለ ድዴ ጥቁረት ደግሞ ጠየቀችኝ። የፊተኛው የታችኛው ድዴ ጠቁሯል። ሴት ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ተነቅሰሽ ነው ወይ ብላ ነበር፤ ጎጃም ውስጥ የድድ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። የኔ እናት ድድ ዛሬም ጥቁር ነው፤ በጊዜው ውበቷ ነበር። የኔ ጥቁረት ግን የጭስ ነው። ጭሱ ሲያስቆጣው ድዱ ጥቁር ቀለም ያበዛል። ራሱ ጥቁረቱ አደገኛ አይደለም፤ ሲጋራው ሲቆም ከወራት እስከ ዓመታት በሚደርስ ጊዜ ቀስ እያለ ይለቃል። ብቻውን በአንድ ቦታ ድንገት የወጣ ወይም የሚያድግ ጥቁር ነጥብ ግን ሌላ ነገር ነውና ይታይ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «አየ አንተ ልጅ! እኔ በመርፌ ያጠቆርሁትን አንተ በጭስ አጠቆርኸው?» አለችኝ።

ሲጋራውን አቆምሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሐራራው አናት ላይ የሚወጣባቸው ናቸው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀላል። ትንንሽ የአፍ ቁስሎችም ወጡብኝ። ይህ ብዙ ያቆሙ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው፤ አልፎ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ጧት ጥርሴን ፍቄ ስተፋ ቀይ ነው። በማግሥቱም ቀይ። ሳጨስ በኖርሁበት ዘመን ድዴ ደምቶ አያውቅም ነበር። እንዲያውም ድዴ ጠንካራ ነው እል ነበር።

ስልክ ደወልሁላት። እንዲህ ነው ያለችኝ። የታመመ ድድ ይደማል፤ መድማቱ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ነው። ኒኮቲን የድድን ትንንሽ የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ምልክቱን ያፍነዋል። ድዱ ከውስጥ እየተበላ፣ ከጥርሱ እየተላቀቀ፣ አጥንቱ እየቀነሰ፣ ከላይ ግን ደረቅና ደህና ይመስላል። ለዚህ ነው አጫሽ የድድ በሽታውን ጥርሱ ሲወዛወዝ የሚያውቀው። ሲጋራው ሲቆም የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ። ደሙ ይመለሳል። ታፍኖ የቆየው ቁጣ ያን ጊዜ ይወጣል። እኔ ላይ ሲጋራ ማቆሙ ያመጣው አዲስ በሽታ አልነበረም። የነበረውን ገለጠው።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንዱ ወደ ሲጋራው ይመለሳል፤ ደሙ ይቆማል፤ «አየህ!» ይላል። ሌላው ደሙን ፈርቶ መፋቁን ይተዋል። ሁለቱም ያባብሳል። የሚደማ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይጸዳል እንጂ አይተውም። መፋቂያ የምትመርጡም ብትሆኑ፣ ወይራም ይሁን ክትክታ፣ ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት። ወደ ጎን አትፈትጉ፤ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይሁን። የውስጡንም ጎን አትርሱት፤ መፋቂያ ፊት ለፊቱን አሳምሮ ጀርባውን የመተው ጠባይ አለው።

ከዚያ ጥርሴን አሳጠብሁ። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» ሲሉ ሰምታችኋል። እኔም እሰማ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ላይ የደነደነው ቆሻሻ ቀድሞውኑ አጥንቱ የሸሸበትን ጥርስ እንደ ሲሚንቶ ያዝ አድርጎት ይቆያል። ሲነሣ መላላቱ ይታወቃል። ያላላው ግን ማጠቡ አይደለም፤ ከሥር ሲሠራ የኖረው ቆሻሻው ነው። ከእጥበቱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ደሙ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። የሸሸው ድድ ግን አልተመለሰም። ድድና አጥንት አንዴ ከሄዱ ባሉበት ማቆም ነው እንጂ እንደ ፀጉር አይበቅሉም።

ጫቱ በሌላ መንገድ አስቸገረኝ። ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርት። ከሁሉ በላይ ዱካኩ። ሌሊት እላዬ ላይ የሚቀመጥ ነገር ያለ እየመሰለኝ እየጮኽሁ እነቃ ነበር። ይህን የማይናገር ያቆመ ቃሚ አይታችሁ ከሆነ ደብቋችኋል። ባለቤቴ ውኃ አጠጥታ ታረጋጋኛለች። በሳምንታት ውስጥ ለቀቀኝ።

ለክትትል ስመለስ የቀኝ ጉንጬ ነጩ ሳስቷል። ጨርሶ አልጠፋም፤ ጠርዙ ግን ደብዝዟል። አሁንም በየጥቂት ወሩ እታያለሁ።

ቤት ውስጥ ራሴን እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀን፣ የፀሐይ ብርሃን ወዳለበት መስኮት እጠጋለሁ። መስታወት እይዛለሁ። ከንፈሬን ገልብጬ ውስጡን አያለሁ። ጉንጬን በጣቴ ስቤ ግራና ቀኙን አነጻጽራለሁ። ላንቃዬን ቀና ብዬ አያለሁ፤ የአጫሽ ላንቃ ነጣ ብሎ ቀያይ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ከዚያ ምላሴን በንጹሕ ጨርቅ ይዤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል ካንሰር የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው፤ ሰው ግን የምላሱን ፊት ብቻ አይቶ ይተወዋል። በመጨረሻ አንገቴን በሁለት እጄ እዳስሳለሁ፤ የማያም ጠንካራ እብጠት እንዳለ።

ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ይታይ። የማይለቅ ነጭ ይታይ። ቀይ፣ እንደ ከፋይ ለስላሳ የሆነ ንጣፍ ከነጩ ይበልጥ ያስፈራል፤ እሱን ለነገ አትበሉ። ያለ ምክንያት የተወዛወዘ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር፣ ሲውጡ የሚያስቸግር ነገርም እንዲሁ። «አያመኝም» አትበሉ። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በፓኮው ላይም ከፊትና ከኋላ 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲኖር ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እንደ እኔ በፍሬ የሚገዛ ሰው ፓኮውን መቼ ያየዋል? ሥዕሉ ከባለ ሱቁ ጋር ነው የሚቀረው።

«ሁለቱንም በአንዴ አልችልም፤ የቱን ላስቀድም?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ሲጋራውን እላለሁ። ካቆሙ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ስጋት በግማሽ ያህል ይወርዳል። ሲጋራው ከቀረ ጨብሲውም አብሮ ቢቀር ጥሩ ነው። ጫቱን ለጊዜው ያልተወ ሰው ቅጠሉን ይጠበው፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣው፣ ውኃ ያብዛ፣ ሲተፋው አፉን ይጉመጥመጥ፣ የታኘከ ቅጠል በጉንጩ ይዞ አይተኛ። ሐኪም ሲጠይቀው ደግሞ እውነቱን ይናገር፤ ሐኪሙ ፖሊስ አይጠራበትም።

በሱሱ ምትክ ቆሎ እቆረጥማለሁ የምትሉ ተጠንቀቁ። ድዱ በሸሸ ጥርስ ደረቅ ሽምብራ መንከስ ሌላ ነቀላ ያስከትላል። እኔ ካሮት ቆርጬ የስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ደንበኞቼ ይስቁብኛል። የሌሊት ሥራ ግን ትቻለሁ፤ ስለዚህ የጥር ሠርግ ያላችሁ ጨርቃችሁን እስከ ኅዳር ካላመጣችሁ አልቀበልም።